ባልዱርስ ጌት 3፦ ከ12ቱ ክላሶች ለእናንተ የሚሆነው የቱ ነው?

ባልዱርስ ጌት 3 የተባለውን የቪዲዮ ጌም ከፍታችሁ አዲስ ጨዋታ ስትጀምሩ መጀመሪያ የሚገጥማችሁ ምርጫ ከባድ ነው። ታሪኩን ገና አላያችሁም። ማን ወዳጅ፣ ማን ጠላት እንደሆነ አታውቁም። 12 ክላሶች፣ ማለትም የምትፈጥሩት ሰው የሚይዛቸው የሙያ ዓይነቶች፣ ፊታችሁ ተደርድረው አንዱን ምረጡ ትባላላችሁ። ላሪያን ስቱዲዮስ ጌሙን በ2023 ካወጣው ጀምሮ አዲስ ተጫዋች ሁሉ የሚጠይቀው አንድ ነው፦ ጠንካራው የቱ ነው?

ጥያቄው ይገባኛል። ግን በመደበኛው የክብደት ደረጃ የትኛውም ክላስ እስከ መጨረሻው ያደርሳችኋል። ልዩነቱ በደንብ የሚሰማው ከውጊያ ውጭ ባለው ሰዓት ነው። ሰው ስታናግሩ፣ ስታግባቡ፣ ስትዋሹ፣ ሊገድላችሁ የመጣውን ስታረጋጉ። ስለዚህ እኔ ሁለት ነገር አስቀድማለሁ። የምትፈጥሩት ሰው መናገር ይችላል ወይ? አብረውት የሚጓዙት ጓዶችስ ምን ይጎድላቸዋል?

መናገር ለምን ይቀድማል

ቡድኑ አራት ሰው ይይዛል። በትልልቆቹ የታሪክ ትዕይንቶች ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚናገረው እናንተ የፈጠራችሁት ሰው ነው። ንግግሩ አንዴ ከተጀመረ ጓድ መሀል ገብቶ እንዲያወራላችሁ ማድረግ አይቻልም። ማሳመን፣ ማታለልና ማስፈራራት ደግሞ ሦስቱም የሚለኩት በካሪዝማ (ሰው የመሳብ ችሎታን በሚለካው ነጥብ) ነው።

በቁጥር እንየው። አንድ ሰው ለማሳመን 15 ያስፈልጋል እንበል። ባለ 20 ገጽ ዳይስ ይጣልና የእናንተ ነጥብ ይደመርበታል። ካሪዝማው 8 የሆነና ማሳመን ያልተማረ ፋይተር (ተዋጊ) እንዲያውም 1 ይቀነስበታል። ዳይሱ 16 ወይም ከዚያ በላይ ካልመጣለት አይሳካለትም። ዕድሉ 25 በመቶ ነው። ካሪዝማው 17 የሆነና ማሳመን የተማረ ባርድ (አዝማሪ) ግን ገና በሌቨል 1 ላይ 5 ይደመርለታል። 10 ከመጣ ይበቃዋል፤ ዕድሉ 55 በመቶ ሆነ ማለት ነው። ሌቨል 3 ላይ ኤክስፐርቲዝ (በተማረው ላይ እጥፍ ብቃት) ሲያገኝ 65 በመቶ ይደርሳል። አጠገቡ ያለ ክለሪክ (ካህን) ጋይዳንስ የሚባለውን ድግምት ከጨመረለት ደግሞ ከ1 እስከ 4 ነጥብ ይታከልለታል።

ይህ ጌም በእንዲህ ዓይነት ዳይስ የተሞላ ነው። ብዙ ውጊያ በንግግር ይቀራል። በጉልበት የሚጫወት ሰው ሳያያቸው የሚያልፉ ትዕይንቶች አሉ። ካሪዝማን ዋና ጉልበታቸው ያደረጉት ክላሶች አራት ናቸው፦ ባርድ፣ መሐላ የገባው ባላባት ፓላዲን፣ አስማት በተፈጥሮው ያለው ሶርሰረርና ኃይሉን በውል ያገኘው ዋርሎክ። ለመጀመሪያ ጊዜ የምትጫወቱ ከሆነ ከእነዚህ አንዱን ብትመርጡ ደስ ይለኛል።

ጓዶቻችሁ ምን ይዘው ይመጣሉ

በመጀመሪያው ምዕራፍ የምታገኟቸው እነዚህ ናቸው። ሻዶሃርት ክለሪክ ናት። ሌዜል ፋይተር ናት። አስታሪዮን ሮግ (ሌባ)፣ ጌል ዊዛርድ (አስማትን ከመጽሐፍ የተማረ)፣ ዊል ዋርሎክ፣ ካርላክ ደግሞ ባርቤሪያን (በቁጣ የምትዋጋ) ናት። በኋላ እንደ ውሳኔያችሁ ሃልሲንና ጃሂራ በድሩይድነት፣ ሚንታራ በፓላዲንነት፣ ሚንስክ በሬንጀርነት ሊቀላቀሉ ይችላሉ።

ዝርዝሩን ልብ ብላችሁ እዩት። ባርድ የለም። ሶርሰረር የለም። ሞንክ (በቡጢ የሚዋጋ መነኩሴ) የለም። እነዚህን ሦስቱን ብትመርጡ ከማንም ጓድ ጋር አትደራረቡም። ዊዛርድ ሆናችሁ ጌልን ይዛችሁ ብትዞሩ ግን ሁለት ተመሳሳይ ሰው ይኖራችኋል፤ አለበለዚያ ጌል ካምፕ ይቀራል፣ ታሪኩም ያመልጣችኋል።

የጓዶችን ክላስ መቀየርም ይቻላል። እኔ ግን አልመክርም። የጌል ሕይወት በሙሉ በአስማት የተገመደ ነው። እሱን ፋይተር አድርጎ ሰይፍ ማስያዝ ታሪኩን ያበላሽበታል።

ባርድ ወይስ ዋርሎክ?

ሁለቱም ጥሩ ተናጋሪ ናቸው። ልዩነታቸው አጨዋወታቸው ላይ ነው።

ዋርሎክ ቀላል ነው። ኤልድሪች ብላስት የሚባል ድግምት አለው፤ ያለ ገደብ ይተኮሳል። አንዱ ጨረር እስከ 10 ነጥብ ይጎዳል። ሌቨል 5 ላይ ጨረሩ ሁለት፣ ሌቨል 10 ላይ ሦስት ይሆናል። አጎናይዚንግ ብላስት የሚባለውን ተጨማሪ ችሎታ ከወሰዳችሁ ከካሪዝማችሁ የሚመጣው ተጨማሪ ነጥብ በእያንዳንዱ ጨረር ጉዳት ላይ ይደመራል። ችግሩ ሌላው ድግምት ነው። ከሌቨል 2 እስከ 10 ድረስ ያለው ስሎት (ድግምት በተጣለ ቁጥር የሚወጣ ዕድል) ሁለት ብቻ ነው። ሦስተኛው የሚመጣው በ11 ነው። ደግነቱ ስሎቶቹ በአጭር እረፍት ይመለሳሉ። ሌሎቹ አስማተኞች በአብዛኛው ረጅሙን እረፍት ይጠብቃሉ፤ ለእሱ ደግሞ በመደበኛው ደረጃ 40 ነጥብ የሚያወጣ ስንቅ ያስፈልጋል። ስንቅ መልቀም የሚሰለቻችሁ ከሆነ ዋርሎክ ይስማማችኋል።

ባርድ ሁሉን ትንሽ ትንሽ ይችላል። ይፈውሳል፣ ቁልፍ ይከፍታል፣ ጓዶችን ያበረታታል። ሌቨል 2 ላይ በሚያገኘው ዘፈን ለመላው ቡድን ተጨማሪ አጭር እረፍት ይሰጣል። በቀን ሁለት የነበረው ሦስት ይሆናል፤ ለዊል፣ ለሌዜልና ለሞንኮች ይህ ትልቅ ስጦታ ነው። ቪሸስ ሞከሪ የሚባለው ድግምቱ ደግሞ ጠላትን በስድብ ያቆስላል። ምላስ አጥንት ባይኖራት አጥንት ትሰብራለች የሚባለው እዚህ በቀጥታ ይሠራል፤ የመጨረሻዋን የሕይወት ነጥብ በስድብ መጨረስ ይቻላል። ጌሙ ለባርዶች ብቻ ያዘጋጃቸው የንግግር ምርጫዎችም ብዙ ናቸው፤ እንደ እነሱ የሚያስቀኝ የለም።

ድክመቱ በውጊያ መጀመሪያ ላይ ይታያል። እንደ ፋየርቦል ያለ ትልቅ ፍንዳታ በራሱ ዝርዝር ውስጥ የለውም። የሚጫኑት ነገርም ይበዛል፤ አዲስ ሰው ግራ ሊጋባ ይችላል። በሌቨል 3 ኮሌጅ ኦፍ ሶርድስን ብትመርጡለት ሰይፍና ቀስት ይዞ በደንብ ይዋጋል፣ በ6 ደግሞ በአንድ ተራ ሁለቴ ይመታል። ሁለተኛ ዕድል ሳይሰጠኝ አንዴ ብቻ እንድጫወት ብባል የምመርጠው ይህን ነው።

ፓላዲን ወይስ ፋይተር?

ከባድ ጥሩር ለብሶ ፊት መቆም ለሚወድ ሰው ትክክለኛው ጥያቄ ይህ ነው።

ፋይተር በየጊዜው እየጠነከረ የሚሄድ ክላስ ነው። ሌቨል 2 ላይ አክሽን ሰርጅ ያገኛል፤ በአንድ ተራ ተጨማሪ እርምጃ ይወስዳል፣ በአጭር እረፍትም ይመለስለታል። በ5 ሁለቴ፣ በ11 ሦስቴ ይመታል። የጌሙ ጣሪያ ሌቨል 12 ነው፤ እዚያ ሲደርስ አብዛኞቹ ክላሶች ሦስት ፊት (feat፣ በየደረጃው የሚመረጥ ልዩ ችሎታ) ሲኖራቸው እሱ አራት አለው። ለመማርም እንደ እሱ ቀላል የለም።

ፓላዲን የሚመታው ሁለቴ ነው። ግን ምቱ መግባቱን ካያችሁ በኋላ ዲቫይን ስማይት ልትጨምሩበት ትችላላችሁ። ትንሹ ስሎት እንኳ ባለ 8 ገጽ ሁለት ዳይስ ጉዳት ይጨምራል። ሌቨል 6 ላይ ደግሞ አጠገቡ የቆሙ ጓዶች በሙሉ ከእሱ ካሪዝማ የሚመጣው ተጨማሪ ነጥብ ለመከላከያ ዳይሳቸው ይታከልላቸዋል። ብዙ ሰው ስማይቱን ብቻ ያወራል። ለእኔ ግን ከባዶቹን ውጊያዎች የሚያሻግረው ይህ ጥላ ነው።

ሌላው ልዩነት መሐላው ነው። ፓላዲን ቃል ገብቷል። ንጹሐንን ከገደለ መሐላው ይፈርሳል፣ ኃይሉንም ያጣል፤ ከዚያ ካምፑ ውስጥ አንድ ባላባት መጥቶ ኦዝብሬከር (መሐላ አፍራሽ) የመሆን መንገድ ያሳየዋል። ይህ በራሱ ግሩም ታሪክ ነው። ነገር ግን ያገኛችሁትን ሁሉ መስረቅና መግደል የምትፈልጉ ከሆነ ፓላዲን ያንገበግባችኋል። ፋይተር ማንም ምንም አይጠይቀውም።

ከሁለቱ ፓላዲንን አስቀድማለሁ። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ ፋይተር ሌዜል አለችላችሁ፣ ፓላዲን ደግሞ መናገርም ይችላል። ዳይስ ላይ የተመሠረተ ጌም ነክቶ ለማያውቅ ሰው ከአሥራ ሁለቱ ሁሉ መጀመሪያ የምጠቁመው እሱን ነው።

ሶርሰረር ወይስ ዊዛርድ?

ሁለቱም ሌቨል 5 ላይ ፋየርቦል ይወረውራሉ። ከዚያ በኋላ መንገዳቸው ይለያያል።

ዊዛርድ ቤተ መጻሕፍት ነው። ያገኘውን ጥቅልል በወርቅ ከፍሎ ወደ መጽሐፉ ይገለብጣል፤ ዋጋው በድግምቱ ደረጃ ልክ ለአንድ ደረጃ 50 ወርቅ ነው። ከውጊያ ውጭ ሲሆን ያዘጋጃቸውን ድግምቶች በፈለገ ጊዜ ይለዋውጣል። ኤቮኬሽን የሚባለውን ትምህርት ከያዘ የእሱ እሳት ጓዶቹን አያቃጥልም። ጠባብ ክፍል ውስጥ ይህ ምን ያህል እንደሚያሳርፍ ያየው ያውቀዋል።

ሶርሰረር የሚያውቀው ድግምት ጥቂት ነው፤ መቀየር የሚችለውም ሌቨል ሲጨምር ነው። ያችኑ ጥቂት ግን እንደ ፈለገ ያጣምማታል። አንዱን ድግምት ለሁለት ሰው ያካፍላል። ሌቨል 3 ላይ ድግምቱን ማፍጠን ይማርና በአንድ ተራ ሁለት ይጥላል። ሄስት የሚባለውን የሚያፈጥን ድግምት ለሌዜልና ለካርላክ በአንዴ ሲሰጣቸው ውጊያው ሌላ መልክ ይይዛል። አደጋም አለው፤ ተመትቶ ድግምቱን የያዘበት ትኩረት ከተሰበረ ሁለቱም ደክመው ተራቸው ያልፋል። ለዚህ ለዚህ ሶርሰረር ይሻላል፣ ትኩረትን በሚጠብቀው ዳይስ ላይ ከመጀመሪያው የሠለጠነ ነውና።

ሁለቱም ስስ ናቸው። ኮንስቲቱሽናቸው (የሰውነት ጥንካሬያቸው) 14 ቢሆን ሌቨል 12 ላይ 74 የሕይወት ነጥብ ይኖራቸዋል። በዚያው ልክ ባርድና ዋርሎክ 87፣ ፋይተርና ፓላዲን 100፣ ባርቤሪያን 113 አላቸው። ሶርሰረር የዘንዶ ደም ያለውን ንዑስ ክላስ ከያዘ በየሌቨሉ አንድ ነጥብ ይጨመርለትና 86 ይደርሳል።

እኔ ሶርሰረር እላለሁ። ዊዛርድነትን ለጌል ተዉለት። ጥቅልል እንደሆነ በዚህ ጌም ውስጥ ማንም አንስቶ ሊጠቀምበት ይችላል።

የቀሩት በአጭሩ

ሞንክ ጥሩር አይለብስም፣ መሣሪያም ብዙ አይፈልግም። ያገኛችሁት ምርጥ ዕቃ ለሌሎች ይተርፋል። ቡጢው ከባድ ነው፤ ሌቨል 5 ላይ ጠላትን ማደንዘዝ ይጀምራል። ንግግር ላይ ግን አትተማመኑበት። ለውጊያ ብላችሁ ጌሙን ከገዛችሁ ግን ከጓዶቹ መሀል የሌለ ስለሆነ በጣም ጥሩ ምርጫ ነው።

ድሩይድ አውሬ ይሆናል። ሌቨል 6 ላይ አውልቤር (ግማሽ ጉጉት ግማሽ ድብ) መሆን መቻሉ ብቻ ለብዙ ሰው በቂ ምክንያት ነው። ከእንስሳት ጋር መነጋገር ከወደዳችሁ ድሩይድ ወይም ሬንጀር ያዙ፤ የዚህ ጌም እንስሳት የሚሉት ነገር አላቸው።

ባርቤሪያን ሲቆጣ የሰይፍና የቀስት ጉዳት በግማሽ ይቀንስለታል። ካርላክን ስታገኙ ግን ሌላ ባርቤሪያን አያስፈልጋችሁም። ሮግም እንዲሁ ነው፤ አስታሪዮን ቁልፉንም ወጥመዱንም ይጨርስላችኋል። ክለሪክ በየትኛውም ቡድን ያስፈልጋል፣ ሻዶሃርት ደግሞ ገና ከመጀመሪያው አለች።

በሚያዝያ 2025 የወጣው ፓች 8 የተባለው የጌሙ ማሻሻያ ለእያንዳንዱ ክላስ አንድ አዲስ ንዑስ ክላስ ጨምሯል። ስለዚህ የቆዩ መመሪያዎችን ስታነቡ ዝርዝሩ ሙሉ ላይሆን ይችላል።

ሐሳባችሁን ከቀየራችሁ

ዊደርስ የሚባል አንድ አጽም አለ። መጀመሪያ ካረፋችሁበት ቦታ አጠገብ ባለው የመቃብር ቤት ውስጥ ይገኛል፤ ባታገኙት ራሱ ወደ ካምፓችሁ ይመጣል። በ100 ወርቅ ክላሳችሁን ከሥሩ ይቀይርላችኋል። ዘራችሁን ግን አይቀይርም፤ እሱን መጀመሪያ ላይ በደንብ አስቡበት። ለመሞከር ወርቁ ውድ አይደለም። ክላሱን ሳትወዱት እስከ ሁለተኛው ምዕራፍ አትታገሉ።

ሁለት ክላስ ማደባለቅ ካሰባችሁ ደግሞ ቀላሉ ደረጃ፣ ኤክስፕሎረር፣ አይፈቅድም።

ከሰው ጋር የምትጫወቱ ከሆነ ስሌቱ ይለወጣል። እስከ አራት ሰው አብሮ መጫወት ይችላል፣ እያንዳንዱም የራሱን ሰው ይፈጥራል። ከመጀመራችሁ በፊት ማን እንደሚናገር ተስማሙ። አንዱ ባርድ ወይም ፓላዲን ይሁንና ሰው የሚያናግረው እሱ ይሁን። የቀራችሁት ካሪዝማን ረስታችሁ ሞንክም ባርቤሪያንም ብትሆኑ ቡድኑ ምንም አይጎድልበትም።