ባጃጄ ከ14 ወር በኋላ፦ ሞተሩ ተቀየረ፣ ሊብሬው አልሰማም

ባጃጄን የገዛሁት ያገለገለ ነው። ባለ አራት ስትሮክ፣ 198.88 ሲሲ፣ አራት ማርሽ ወደፊት አንድ ወደኋላ። 14 ወር ጎንደር ውስጥ ነዳሁት። አብዛኛውን ጊዜ ከፒያሳ ማራኪ ነው፣ ደህና ሰው ሲገኝ አዘዞ።

ጥሩውን ላስቀድም። ቤንዚን አይበላም። ቤንዚን በሃይላንድ በሚሸጥበት ጊዜ ይሄ ቀላል ነገር አይደለም። ዕቃውም አያስቸግርም፤ ካንዴላ በሉት ክላች ካቮ፣ ሱቁ ሁሉ አለ። ዳገት ላይ ግን ያለቅሳል። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ ከ2100 ሜትር በላይ ናት፣ አየሩ ሳሳ ይላል፣ ካርቡሬተር ደግሞ ይሄን አይወድም። ሦስት ሰው ጭኜ ወደ ጎሃ ስወጣ ከአንደኛ ማርሽ ንቅንቅ የለም። ኮብልስቶኑም ብሎን ያላላል። እሑድ እሑድ ቁልፍ ይዤ ሥሩ እገባለሁ።

ስምንተኛው ወር ላይ ፒስተኑ ነከሰና ቆመ። ጥፋቱ የኔ ነው፣ ዘይት መጉደሉን እያወቅሁ ነገ ዛሬ አልኩ። መካኒኩ አየት አድርጎ "ይሄን ከማሠራት ሙሉ ሞተር ልግጠምልህ። ከተገለበጠ ባጃጅ የወረደ ነው፣ ንጹሕ" አለኝ። በግማሽ ቀን ገጠመው። እውነቱን ለመናገር ሞተሩ ከድሮው ይሻላል፤ ጠዋት በአንዴ ይነሣል። ወረቀት የሚባል ነገር እሱም አላነሣ፣ እኔም አልጠየቅሁ።

ጉዱ የመጣው ቦሎ ላሳድስ ምርመራ ስሄድ ነው። መርማሪው ልጅ ቁጢጥ ብሎ ሞተሩን በጨርቅ ወለወለው። ቁጥሩ ላይ ወረቀት አድርጎ በእርሳስ ፈገፈገው። ወረቀቱን ከሊብሬው ጎን ያዘ። አንዴ ወረቀቱን፣ አንዴ እኔን ያያል። "ሻንሲው ያንተ ነው። ሞተሩ የማን ነው?"

የማን እንደሆነ እኔም አላውቅም ነበር።

ሊብሬ ላይ የሻንሲም የሞተርም ቁጥር አለ። አንዱን ከቀየርክ የት እንዳመጣኸው አሳይተህ ታስመዘግባለህ። ሳታስመዘግብ ስትነዳ የተገኘህ ቀን የተሰረቀ ሞተር አለመሆኑን በምን ታስረዳለህ? ሦስት ሳምንት ባጃጁ ቆመ፣ እኔም አብሬው ቆምኩ።

በዚያ መሐል ደምቢያ አጎቴ ዘንድ ሄጄ ነበር። ፈቃድ ያለው በልጅግ ጠመንጃ አለው፣ ከአያቴ የወረሰው። ሰደፉ ሁለቴ ተቀይሯል። የኔን ጉድ ስነግረው ሳቀብኝ። "አንተ ልጅ፣ እንጨቱ ቢቀየር ጠመንጃው ሌላ ይሆናል እንዴ? ቁጥሩ ያለበት ብረት ነው ጠመንጃው" አለኝ። ጣቱን ብረቱ ላይ አሳረፈ፤ ቁጥሩ በብዙ እጅ ተዳሶ ሊጠፋ ምንም አልቀረው።

ማታ ይሄን ነገር ሳገላብጥ አደርኩ። አሜሪካኖቹ የአጎቴን ሐሳብ ነው የያዙት። ኤአር-15 እንደ ባጃጅ ተፈትቶ የሚገጠም ጠመንጃ ነው፤ እዚያ ግን በሕግ ጠመንጃ የሚባለው ቃታው የሚቀመጥበት፣ ቁጥር ያለበት የታችኛው አካል ነው። ይህ አካሄድ ከእ.ኤ.አ. 1968ቱ ሕግ የመጣ ነው። ሰደፍና አፈሙዝ እንደ መለዋወጫ ይገዛል። ቀልድ እንዳይመስላችሁ ግን፣ አፈሙዙ ከ16 ኢንች ካጠረ በእ.ኤ.አ. 1934ቱ ሕግ ሌላ ምዝገባ ይጠይቃል። አውሮፓ ጠበቅ ይላል። እ.ኤ.አ. በ2017 በወጣው የኅብረቱ መመሪያ አፈሙዝም መቀርቀሪያም ራሳቸውን ችለው ዋና ክፍል ናቸው።

የኛ ሊብሬ ወደ አውሮፓው ያደላል ማለት ነው። አጎቴ ይሄን ብነግረው ሊብሬውን ይሰድበዋል እንጂ አያምንም።

የተገለበጠውን ባጃጅ ባለቤት አፈላልጌ አገኘሁት፣ አዘዞ። ጥሩ ሰው ነው፣ ሊብሬውን ይዞ አብሮኝ መጣና ሽያጩን ፈረመልኝ። ቡናውንም እሱ ከፈለ፣ አፈርኩ። የሞተር ቁጥሩ ሊብሬዬ ላይ ተስተካከለ፣ ቦሎውም ተለጠፈ።

ያገለገለ ባጃጅ ልትገዙ ከሆነ ቀለሙን ተዉት። ሞተሩን በጨርቅ ወልውሉና ቁጥሩን ራሳችሁ አንብቡ፤ ሻንሲውንም እንደዚያው። ሻጩ "ኧረ በሞቴ፣ እኔን አታምነኝም?" ካለ ደግሞ ሁለቴ አንብቡ። ሞተር የምትቀይሩ ከሆነ መካኒኩ ብሎን ሳይፈታ ሽያጩንና የቀድሞውን ሊብሬ ኮፒ ተቀበሉ።

ባጃጁን መልሼ እገዛው ነበር ወይ? አዎ፣ ይሄኛውን ራሱን። ሰሞኑን ክላች ካቮው መተርተር ጀምሯል። እሱ ላይ ቁጥር የለም፣ ነገ ጠዋት እቀይረዋለሁ።