ከጅማ ወደ ዱባይ፣ ለንደንና ዋሽንግተን፦ የባንክ ካርድ ይሻላል ወይስ የከተማው የትራንስፖርት ካርድ?

ጅማ ውስጥ ከመርካቶ ወደ አጂፕ በባጃጅ የሚሄድ ሰው ስለ አከፋፈል ብዙ አይጨነቅም። ዝርዝር ብር ካለው ይሰጣል፤ ከሌለው ከሾፌሩ ጋር መልስ ሲፈላለጉ ይቆያሉ፣ አለዚያም በቴሌብር ልኮለት ይወርዳል። ለንግድ ወደ ዱባይ፣ ለትምህርት ወደ ለንደን ወይም ዘመድ ለመጠየቅ ወደ ዋሽንግተን የተጓዘ የጅማ ሰው ግን ባቡር ጣቢያ እንደደረሰ የሚጠብቀው የተዘጋ በር ነው፤ የሚከፈትለትም ካርድ ሲያስጠጋ ነው። የባንክ ካርድ ይዞ መሄድ ወይስ እዚያው የከተማውን ካርድ መግዛት ይሻላል ብለው የሚጠይቁኝ ሰዎች ለሁሉም አገር የሚሆን አንድ መልስ ይጠብቃሉ። ሦስቱ ከተሞች የሚሠሩበት ሥርዓት የተለያየ ስለሆነ እንዲህ ያለ መልስ መስጠት አልችልም።

አስቀድሞ የባንክ ካርድ ሲባል የትኛው እንደሆነ መለየት ያስፈልጋል። ደመወዝ የሚገባበት የብር ሂሳብ የኤቲኤም ካርድ በኢትስዊች በኩል በአገር ውስጥ ባንኮች መካከል ያገለግላል እንጂ የውጭ አገር የባቡር በር አይከፍትም። ለዚህ የሚሆነው ተጓዡ ፓስፖርቱን፣ ቪዛውንና የአውሮፕላን ትኬቱን ሲያቀርብ ባንኩ የውጭ ምንዛሪ ሞልቶ የሚሰጠው ዓለም አቀፍ የቅድመ ክፍያ ካርድ ነው። እሱም ቢሆን ንክኪ አልባ ክፍያ፣ ማለትም በማስጠጋት ብቻ የሚፈጸም ክፍያ፣ የሚቀበል መሆኑ መረጋገጥ አለበት፤ ምልክቱ ጎን ለጎን የተደረደሩ አራት ቅስት መስመሮች ናቸው። ምልክቱ የሌለበት ካርድ ሱቅ ውስጥ በሚስጥር ቁጥር ሊሠራ ይችላል፤ የባቡር በር ላይ ግን ማስገቢያ ቀዳዳም ሆነ ቁጥር መጻፊያ ስለሌለ አይረዳም። ካርዱን ሲረከቡ ባንኩ ለእያንዳንዱ የውጭ ግብይት ምን ያህል እንደሚቆርጥ መጠየቅም ተገቢ ነው፤ ከታች የምሰጠው ምክር ግማሹ በዚህ መልስ ላይ የተንጠለጠለ ነው።

ዱባይ ላይ ምርጫው ጠባብ ነው። የዱባይ ሜትሮ እ.ኤ.አ. በ2009 ሥራ ሲጀምር አብሮት የመጣው ኖል የተባለው ካርድ ነው፤ ቃሉ በዐረብኛ የጉዞ ዋጋ ማለት ነው። ሜትሮውም፣ ትራሙም፣ የከተማው አውቶቡስም የሚከፈለው በእሱ ስለሆነ የባንክ ካርድ የሚጠቅመው ኖልን ለመግዛትና ለመሙላት ነው፤ ለዚያም ቢሆን ጥሬ ድርሃም ይበቃል። ስለዚህ ለገዢው የሚቀረው ጥያቄ ቀዩን ትኬት ልውሰድ ወይስ ብርማውን ካርድ የሚል ነው። ቀዩ በ2 ድርሃም የሚገኝ የወረቀት ትኬት ሲሆን፣ ብርማው ካርድ 25 ድርሃም ተከፍሎበት ከዚያ ውስጥ 19ኙ ለጉዞ ይውላል፤ ይህም ማለት የካርዱ የራሱ ዋጋ 6 ድርሃም ነው። ቀዩ በመጀመሪያ እይታ የረከሰ ቢመስልም በብርማው በአንድ ቀጣና ውስጥ 3፣ ወደ ጎረቤት ቀጣና 5፣ ከዚያ በላይ ለሆነ ርቀት 7 ድርሃም ተኩል የሚከፈለው ጉዞ በቀዩ 4፣ 6 እና 8 ድርሃም ተኩል ይሆናል። በየጉዞው አንድ ድርሃም ጭማሪ ስላለ የካርዶቹ የ4 ድርሃም ልዩነት በአራተኛው ጉዞ ላይ ያልቃል፤ ከአምስተኛው ጀምሮ ቀዩን የያዘ ሰው ይከስራል። በዚያ ላይ ቀዩ ለአንድ ዓይነት መጓጓዣ ብቻ የሚሞላ በመሆኑ ለሜትሮ የገዙትን ይዞ አውቶቡስ መሳፈር አይቻልም። ዴይራ ገበያ ለመዋል የሚሄድ ነጋዴ በቀን ሁለትና ሦስት ጊዜ መመላለሱ ስለማይቀር በእኔ አስተያየት ቀዩን መግዛት ያለበት ሰው በዱባይ አንድ ሌሊት ብቻ አድሮ የሚያልፍ መንገደኛ ነው።

ወርቃማው ኖል ልዩ ፉርጎ ውስጥ የሚያስገባ ሆኖ በየጉዞው እጥፍ ያስከፍላል፤ ሸቀጥ ሊገዛ ለሄደ ሰው ጥቅሙ አይታየኝም። ሜትሮው በአውሮፕላን ማረፊያው ተርሚናል 1 እና ተርሚናል 3 ጣቢያ ስላለው ሲገቡ ያገለግላል፤ ሲመለሱ ግን ለአንድ ተሳፋሪ የሚፈቀደው አንድ ትልቅና አንድ ትንሽ ሻንጣ በመሆኑ ጓዝ ያበዛ ሰው የታክሲ ሂሳብ ከወዲሁ ይያዝ። በባቡሩ ውስጥ መብላትና መጠጣት 100 ድርሃም ስለሚያስቀጣ ከቤት የተቋጠረው ዳቦ ቆሎም ሆቴል እስኪደርሱ ይታገሥ።

ለንደን የዱባይ ተቃራኒ ናት፤ እዚያ ሁለቱም መንገድ ክፍት ነው። ኦይስተር የተባለው የከተማው ካርድ እ.ኤ.አ. ከ2003 ጀምሮ አለ፤ የባንክ ካርድ በአውቶቡስ ላይ በ2012 መጨረሻ፣ በምድር ውስጥ ባቡር ደግሞ በመስከረም 2014 ተፈቅዷል። አውቶቡሶቹ እ.ኤ.አ. ከሐምሌ 2014 ወዲህ ጥሬ ገንዘብ ስለማይቀበሉ ፓውንድ በኪሱ ይዞ ሾፌሩ ፊት የሚቆም እንግዳ አይሳፈርም። ለአዋቂ ተሳፋሪ የሁለቱ ካርዶች የጉዞ ዋጋ አንድ ነው፤ በሁለቱም የአንድ ቀን ክፍያ ከተወሰነ ጣሪያ አያልፍም፣ ከሰኞ እስከ እሑድ የሚቆጠር የሳምንት ጣሪያም አለ። በአውቶቡስ አንድ ጊዜ የከፈለ ሰው በአንድ ሰዓት ውስጥ ሌላ አውቶቡስ ቢሳፈር ዳግመኛ አይከፍልም፤ ይህም በሁለቱም ካርድ ይሠራል።

ልዩነቱ የሚመጣው ከሌላ አቅጣጫ ነው። ኦይስተር ሲገዛ ለካርዱ የሚከፈለው ገንዘብ አይመለስም፤ በባንክ ካርድ የሚጓዝ ሰው ይህ ወጪ የለበትም። ሥርዓቱ የቀኑን ጉዞዎች ደምሮ በአንድ ሂሳብ ስለሚያስከፍል ባንኩ በግብይት ቁጥር የሚቆርጥ ከሆነ በቀን አንድ ጊዜ ብቻ ይቆርጣል፤ አምስት ጊዜ የተሳፈረም አንድ ጊዜ የተሳፈረም እኩል ነው። በሌላ በኩል የቅድመ ክፍያ ካርድ ቀሪ ሂሳቡ ካነሰ የቀኑ ዕዳ ሳይከፈል ያድራል፤ ዕዳው እስኪዘጋም በሩ ያንን ካርድ አይቀበለውም። ሙሉ ገንዘቡ በአንድ ካርድ ላይ ላለበት ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ኦይስተር በጣቢያ ማሽንና ምልክቱ ባለባቸው ትናንሽ ሱቆች በጥሬ ገንዘብ ስለሚሞላ ለንደን ያለ ዘመድ በእጁ ፓውንድ ለሚሰጠው እንግዳ ይመቻል። ከከተማው ርቆ ለሚወጣ ግን የባንክ ካርድ ይበልጣል፦ ኤልሳቤጥ በተባለው መስመር እስከ ሬዲንግ በባንክ ካርድ ሲኬድ ኦይስተር ከዌስት ድሬይተን አያልፍም፤ ወደ ሉተን አውሮፕላን ማረፊያ በሚወስደው ባቡርም አይሠራም። ከሂትሮው አውሮፕላን ማረፊያ ሲወጡም ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ ያው ካርድ ፒካዲሊ በተባለው መስመርም ሆነ ሂትሮው ኤክስፕረስ በተባለው ፈጣን ባቡር በር ይከፍታል፣ ፈጣኑ ግን ከሌላው በብዙ እጥፍ ይበልጣል። በሩ ስለ ዋጋው የሚጠይቀው ጥያቄ የለም።

በባቡር ሲገቡ ያስነኩትን ያንኑ ካርድ ሲወጡም ማስነካት ግዴታ ነው። ካርዱ በስልክ ላይ የተጫነለት ሰው በካርዱ ገብቶ በስልኩ ቢወጣ የካርዱ ቁጥር አንድ ቢሆንም ሥርዓቱ እንደ ሁለት ሰው ስለሚቆጥረው ሁለት ያልተጠናቀቀ ጉዞ መዝግቦ በሁለቱም ላይ ከፍተኛውን ዋጋ ያስከፍላል። ቦርሳውን ሳይከፍት የሚያስነካም ኦይስተሩና የባንክ ካርዱ አብረው ስላሉ የቱ እንደተከፈለበት አያውቅም። በአውቶቡስ ሲወርዱ አይነካም፤ የዋሽንግተን ባቡርም እንደ ለንደን ሲገባም ሲወጣም ይነካል።

ዋሽንግተን በቅርቡ የተለወጠች ናት። እ.ኤ.አ. እስከ ግንቦት 2025 ድረስ ለሜትሮ ባቡር ስማርትሪፕ የተባለው ካርድ የግድ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ የባንክ ካርድም በሩን ይከፍታል። የኢትዮጵያ አየር መንገድ የሚያርፍበት የደለስ አውሮፕላን ማረፊያ ከኅዳር 2022 ጀምሮ የራሱ የባቡር ጣቢያ ስላለው ጉዳዩ ለእኛ ሰው ቅርብ ነው። ዋጋው በሥራ ቀናት እንደ ርቀቱ ከ2 ዶላር ከ25 ሳንቲም እስከ 6 ዶላር ከ75 ሳንቲም ሲደርስ፣ ቅዳሜና እሑድ እንዲሁም በሥራ ቀን ከምሽቱ 3 ሰዓት ተኩል በኋላ ከ2 ዶላር ተኩል አይበልጥም፤ ስለዚህ ሲልቨር ስፕሪንግ ያለ ዘመዱን በእሑድ የሚጠይቅ ሰው የሚያድነው ገንዘብ ካርድ በመምረጥ ከሚያድነው ይበልጣል። ስማርትሪፕ 2 ዶላር ብቻ ስለሆነ እዚህ ከተማ ከባንክ ካርድ ይልቅ እሱን እመርጣለሁ፤ አንድ ጊዜ ተሞልቶ ለብዙ ጉዞ ስለሚበቃ የባንኩ የውጭ ግብይት ቆረጣም አንድ ጊዜ ብቻ ይሆናል፣ በጥሬ ገንዘብ ከተሞላ ደግሞ ጭራሽ አይኖርም።

ልጆች ይዞ የሚሄድ ሰው ሂሳቡ ይለወጣል፤ የባንክ ካርድ የያዘውን ሰው ዕድሜ ስለማያውቅ የአዋቂ ዋጋ ይቆርጣል። ለንደን ላይ ከ11 ዓመት በታች ያሉ ልጆች በአውቶቡስ ያለ ክፍያ፣ በምድር ውስጥ ባቡርም ከአዋቂ ጋር እስከ አራት ሆነው በነጻ ይሄዳሉ፤ ከ11 እስከ 15 ዓመት ላሉት ግን ኦይስተር ገዝቶ የጣቢያ ሠራተኛ የወጣት እንግዳ ቅናሽ እንዲጭንበት ማድረግ ይገባል፤ ቅናሹ ለ14 ቀናት በግማሽ ዋጋ ያስኬዳል። በሦስቱም ከተሞች አንድ ካርድ በአንድ ጊዜ ለአንድ ተሳፋሪ ብቻ ስለሚያገለግል፣ እንደ ታክሲያችን አባወራው የሁሉንም ከፍሎ ቤተሰቡን የሚያስገባበት መንገድ የለም።

ሲመለሱ በካርዱ ላይ ስለሚቀረው ገንዘብ ብዙ ሰው ይጨነቃል። ብርማው ኖል 5 ዓመት ያገለግላል፣ የኦይስተር ቀሪ ሂሳብም ጊዜ አያልፍበትም። ስም ያልተመዘገበበት ኖል በማንም እጅ ስለሚሠራ፣ በየሁለት ወሩ አንዳቸው ዱባይ የሚሄዱ የመርካቶ ነጋዴዎች ሦስት አራት ሆነው አንድ ካርድ ቢቀባበሉ 6ቱን ድርሃም የሚከፍለው የመጀመሪያው ብቻ ነው።