ፖስ ማሽን ወይስ የስልክ ክፍያ፦ ለጎንደር ባለሱቅ የትኛው ይሻላል?

ብዙ ባለሱቅ ፖስ ማሽን፣ ማለትም የካርድ መክፈያው፣ እንደ ሚዛን ተገዝቶ የሚቀመጥ ዕቃ ይመስለዋል። እኛ አገር በአብዛኛው ማሽኑን የሚሰጠው ባንክ ነው፤ ነጋዴው ሒሳብ ከፍቶ፣ ንግድ ፈቃዱን ይዞ ሄዶ ይዋዋላል። ስለዚህ ምርጫው የማሽን ሳይሆን የባንክ ነው። ከዚያ በፊት ግን «ማሽን ያስፈልገኛል ወይ?» ማለት ይገባል። ቅዳሜ ገበያ በርበሬ የምትሸጥ እናትና ፋሲል ግቢ አጠገብ የባህል ልብስ የሚሸጥ ወጣት መልሳቸው አንድ አይሆንም።

አሠራሩን እንይ። ካርዱ ሲገባ ማሽኑ ቺፑን ያነባል፤ ደንበኛው ሚስጥር ቁጥሩን ይነካል። መልእክቱ ተመስጥሮ ማሽኑን ወደሰጠው ባንክ ይሄዳል። ካርዱ እዚሁ አገር ያለ የሌላ ባንክ ከሆነ ባንኮቻችንን እርስ በርስ በሚያገናኘው በኢትስዊች በኩል ወደዚያ ባንክ ይሻገራል፤ የውጭ ካርድ ከሆነ ደግሞ በቪዛ ወይም በማስተርካርድ መስመር ካርዱ እስከወጣበት አገር ድረስ ይዘልቃል። የካርዱ ባንክ ሒሳቡን አይቶ ይፈቅዳል ወይም ይከለክላል፣ መልሱም በመጣበት መንገድ ይመለሳል። ይህ ሁሉ የሰከንዶች ጉዳይ ነው። ገንዘቡ ግን ገና ነው፤ ባለሱቁ እጅ የሚገባው ባንኮቹ ሲወራረዱ፣ ኮሚሽኑ ተቀንሶ ነው።

ጣጣው ያለው መልሱ ሲመለስ ነው። አንድ ቀን ምሳ በልቼ ካርድ ሰጠሁ። ስልኬ ላይ «ተቀንሷል» የሚል መልእክት ገባ፣ ማሽኑ ግን አልተሳካም አለ።

«እታለም፣ ከሒሳቤ ወጥቷል እኮ!»

«እኔ ጋ አልገባም፣ ጌታዬ።»

ሁለታችንም እውነታችንን ነበር። መሀል ላይ ኔትወርክ ሲቆረጥ እንዲህ ይሆናል። በጥሬ ብር ደግሜ ከፈልኩ፤ የተቆረጠው ከቀናት በኋላ ተመለሰልኝ። እንዲህ ሲገጥማችሁ ያልተሳካውን ወረቀት አትጣሉት፣ የማሽኑና የግብይቱ ቁጥር እዚያ ላይ አለ። ቀለሙ ስለሚጠፋ በስልክ ፎቶ አንሱት። አቤት የሚባለውም ለሱቁ ባንክ ሳይሆን ካርዱን ለሰጣችሁ ባንክ ነው።

የስልኩ መንገድ አጭር ነው። ቴሌብር ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ አለ፣ ሲቢኢ ብርም አለ። ደንበኛው የነጋዴውን ቁጥር ይጽፋል ወይም ኪውአሩን ስካን ያደርጋል፤ ገንዘቡ ወዲያው ይገባል። ትልቁ ጥቅሙ ግን ሌላ ነው። በ2015 ዓ.ም. ክረምት የክልሉ ሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥ በዳታ ሲም የሚሠራ ማሽን ምን ሊያደርግ ይችላል? የቴሌብሩ *127# ግን ኢንተርኔት አይጠይቅም፣ በተራ ስልክም ይሠራል። ለትንሽ ሱቅ እኔ የስልኩን የምመርጠው በዚህ ምክንያት ነው።

ድክመትም አለው። አንደኛው የስክሪንሾት ማጭበርበር ነው፤ የደንበኛውን ስልክ አይታችሁ ዕቃ አትስጡ፣ የራሳችሁ ሒሳብ ላይ መግባቱን እዩ። ሁለተኛው የሚያበሽቀኝ ነው፦ ቁጥሩ የባለቤቱ፣ ባለቤቱ ለቅሶ ሄዷል፣ ሻጯ ልጅ ደግሞ «ይደወልለትና ገብቶ እንደሆነ ይጠየቅ» ትላለች። ሰው ተሰልፎ ይጠብቃል። ፖስ ማሽን እዚህ ላይ ይበልጣል፤ ባለቤቱ የትም ቢሆን ወረቀቱ ሱቅ ውስጥ ይወጣል።

ሆቴል፣ ወርቅ ቤት ወይም የስጦታ ዕቃ ሱቅ ካላችሁ ግን አታቅማሙ፣ ማሽኑን አስገቡ። ለጥምቀት የሚመጣው የውጭ እንግዳ ኪሱ ውስጥ ያለው ቪዛ ወይም ማስተርካርድ እንጂ ቴሌብር አይደለም። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ወዲህ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ስለተደረገ፣ በባንክ ዋጋ በካርድ መክፈል ለእንግዳው እንደ ድሮው የሚያስቆጭ አይደለም። ሆቴል ደግሞ ከካርዱ ላይ መያዣ አስይዞ እንግዳው ሲወጣ ሒሳቡን መዝጋት ይችላል። ውሉን ስትፈርሙ ማሽኑ የውጭ ካርድ መቀበሉን በቃል ሳይሆን በሙከራ አረጋግጡ። በጥምቀት ሰሞን ኔትወርኩ ስለሚጨናነቅም መልስ የሚሆን ጥሬ ብር መሳቢያ ውስጥ ይኑር።

ለደንበኛ አንድ ነገር ብቻ፦ ሚስጥር ቁጥራችሁን ራሳችሁ ንኩ። «ንገሪኝ እኔ ልምታልሽ» የሚል አስተናጋጅ ክፋት ባይኖረውም እሺ አትበሉት።

ባንክ ስትመርጡ ኮሚሽኑን ጠይቁ፣ ገንዘቡ በስንት ቀን እንደሚገባ ጠይቁ፣ የወረቀት ጥቅል ማን እንደሚያመጣ ጠይቁ። ከሁሉ በላይ ግን ማሽኑ ሲበላሽ የሚመጣው ሰው ከዚሁ ከጎንደር ቅርንጫፍ ይሁን ከባሕር ዳር ወይም ከአዲስ አበባ ጠይቁ። የጥቂት ሳንቲም የኮሚሽን ልዩነት ማሽኑ ተበላሽቶ መደርደሪያ ላይ አቧራ ሲጠጣ የሚከርምበትን ሁለት ሳምንት አይከፍልም።