ቪየና አንሳምብል ፕሮ ወይስ ኦዲዮግሪደር?
የሙዚቃ ማቀናበሪያ ኮምፒውተር ሲጨናነቅ ከሥራው ከፊሉን በኔትወርክ ለተገናኘ ሌላ ኮምፒውተር ከሚያካፍሉት ፕሮግራሞች መካከል ቪየና አንሳምብል ፕሮ በክፍያ የሚገኝ ሲሆን፣ ኦዲዮግሪደር ግን ነጻና ኮዱ ክፍት ነው። የመጀመሪያው በተለይ ለትልልቅ የኦርኬስትራ ሳምፕሎች (አስቀድመው ለተቀረጹ የመሣሪያ ድምፆች) ይስማማል፤ የሚዲ መልእክት (የትኛው ኖታ መቼ እንደሚመታ የሚናገር ትእዛዝ) ተቀብሎ ድምፁን በሁለተኛው ኮምፒውተር ራም ላይ ከተጫኑት ሳምፕሎች አዘጋጅቶ ስለሚመልስና፣ ፕሮጀክት ሲቀየርም ሳምፕሎቹን ሳያራግፍ ማቆየት ስለሚችል፣ በየጊዜው እንደ አዲስ የመጫን አሰልቺ ጥበቃን ያስቀራል። ለዚህ ሥራ ዋጋው አይቆጭም። ለሚክሲንግ (የተቀረጹትን ድምፆች አመጣጥኖ ለማዋሃድ) ግን ኦዲዮግሪደርን እመርጣለሁ፤ በትራኩ ላይ እንደ ማንኛውም ፕላጊን (በማቀናበሪያው ውስጥ የሚሠራ ተጨማሪ ፕሮግራም) ይገባል፣ ድምፁን ወደ ሰርቨሩ፣ ማለትም ወደ ሁለተኛው ኮምፒውተር፣ ልኮ ከባዱ ሪቨርብ (የማስተጋባት ውጤት) እዚያ ከተሠራ በኋላ ይመልሳል፣ የፕላጊኑንም መስኮት በተጠቃሚው ስክሪን ላይ ያሳያል።

መዘግየት የሁለቱም ጣጣ ነው። በ48 ኪሎኸርዝ 128 ሳምፕል (እዚህ ላይ የድምፁ ቅጽበታዊ ልኬት ማለት ነው) የሚይዝ አንድ በፈር (ድምፁ ከመተላለፉ በፊት የሚጠራቀምበት ቋት) 2.7 ሚሊሰከንድ ገደማ ይወስዳል፤ ሁለት በፈር መጨመሩ በሚክሲንግ ጊዜ ባያስቸግርም፣ በቀረጻ ላይ የራሱን ድምፅ በጆሮ ማዳመጫ የሚከታተል ዘፋኝን፣ ከድምፅ ካርዱ መዘግየት ጋር ሲደመር፣ ሊያውከው ይችላል። ባለ 24 ቢት አንድ ቻናል በሰከንድ 1.15 ሜጋቢት ያህል ብቻ ስለሚፈልግ የጊጋቢት ገመድ ከበቂ በላይ ነው፤ ዋይፋይ ግን የመድረሻ ጊዜው ስለሚዋዥቅ ለሁለቱም አይመከርም።