የኪዚኮስ አሳማ ወይስ የኬርሶኔሶስ አንበሳ?

ሁለቱም ከዛሬዋ ቱርክ ምድር የወጡ የጥንት ግሪክ የብር ሳንቲሞች ናቸው፦ አንዱ ከኪዚኮስ ከተማ፣ ሌላው ከኬርሶኔሶስ (የዛሬው የጋሊፖሊ ልሳነ ምድር)። ለሰብሳቢ የትኛው ይሻላል?

መጠን፦ የኪዚኮሱ ኦቦል (የድራክማ፣ ማለትም የግሪክ የብር ገንዘብ፣ አንድ ስድስተኛ) 0.8 ግራም ገደማ ነው፤ ስፋቱ የሽምብራ ፍሬ ያህል። የኬርሶኔሶሱ ግማሽ ድራክማ 2.3 ግራም፣ 13 ሚሊሜትር።

ምስል፦ ኪዚኮስ የሚሮጥ የዱር አሳማ የፊት አካልና ከኋላው የቆመ ቱና ዓሣ አለው፤ በግልባጩ (በጀርባው ገጽ) የአንበሳ ራስ። በኬርሶኔሶሱ አንበሳው አንገቱን ወደ ኋላ አዙሯል። ግልባጩ አራት ቦታ ተከፍሏል፤ ሁለቱ ክፍል ጠልቆ፣ ሁለቱ ከፍ ብሎ፣ በጠለቁት ክፍሎች ውስጥ ነጠብጣብ፣ ፊደል ወይም ትንሽ ምልክት ይታያል። የምልክቶቹን ልዩነት ማሳደድ ብቻውን ዓመታት ያስደስታል።

ዋጋ፦ አሳማው አብዛኛውን ጊዜ ይረክሳል። ነገር ግን ዓሣው ከጠርዝ ውጭ የቀረበትን አይግዙ፤ ውበቱ ግማሽ ነው።

አደጋ፦ አንበሳው በብዛት ተመሳስሎ ይሠራል። ሁለት ሳንቲሞች አንድ ዓይነት ስንጥቅና አንድ ዓይነት የጠርዝ ቅርጽ ካላቸው ይተዉአቸው። አሳማው ስስ ነው፤ ያረጀ ብር ተሰባሪ ስለሚሆን በብሩሽ አይፈተግ፣ በፒቪሲ (ለስላሳ ፕላስቲክ) ኪስም አይቀመጥ።

በጀቱ ጠበብ ላለና ማጉያ መነጽር ለማይሰለቸው አሳማው ይሻላል። በዓይን ብቻ ማየት ለሚፈልግ አንበሳው፤ እሱም ከታመነ ሻጭ። ቱርክ ቅርሶቿ እንዳይወጡ ስለምትከለክል፣ የቀድሞ ባለቤትነት ሰነድ ለሁለቱም ይጠየቅ።