የሥዕል ማኅደር ለሠሩልኝ ባለሙያ ምስጋና፣ ለሠዓልያንም ጥቆማ

ይህን የምጽፈው መርካቶ ውስጥ በአንዲት ጠባብ ሱቅ ተቀምጠው ቆዳና ሸራ ለሚሰፉ አዛውንት ባለሙያ ምስጋናዬን ለማቅረብ፣ ሥዕል ተሸክመው ከስቱዲዮ ወደ ጋለሪ ለሚመላለሱ ሠዓልያንም እርሳቸውን ለመጠቆም ነው። ስማቸውና ስልካቸው በአደባባይ እንዲወጣ ስላልፈቀዱ አድራሻቸውን በውስጥ መስመር ለሚጠይቀኝ ሁሉ እልካለሁ።

ከዚህ በፊት የነበረኝ የሥዕል መያዣ ከአንድ መደብር የገዛሁት ዝግጁ ቦርሳ ሲሆን፣ ውስጡ የላስቲክ ኪሶች የተደረደሩበት፣ ለዓይን የሚያምር ዕቃ ነበር። በሐምሌ ዝናብ በስፌቱ ቀዳዳ ውኃ አስገባ። ከዚያ የባሰው ግን በከሰል የሠራሁት የእናቴ ምስል ነው፤ ከኪሱ ሳወጣው የፊቷን ግማሽ ላስቲኩ ላይ ትቶት ወጣ።

ወደ ባለሙያው ስሄድ የፈለግሁት ለኤ1 ወረቀት የሚሆን ትልቅ መያዣ ነበር። ሜትራቸውን ከማንሳታቸው በፊት «ልጄ፣ ይህን ይዘሽ የምትሄጂው በምንድን ነው?» ብለው ጠየቁኝ። በታክሲ መሆኑን ስነግራቸው ከጥግ ካርቶን አንስተው 65 በ90 ሴንቲ ሜትር አድርገው ቆረጡና፣ የሲባጎ እጀታ አስረውለት «አንድ ቀን ይዘሽው ዋይና ነይ» አሉኝ። እውነቱን ለመናገር የቀለዱብኝ መስሎኝ ነበር። ከስድስት ኪሎ መገናኛ ስሄድ ረዳቱ የሁለት ሰው ሒሳብ አስከፈለኝ፤ ቁመቴ አጭር ስለሆነም ደረጃ በወጣሁ ቁጥር የካርቶኑ ጫፍ መሬት ይጎትት ነበር። በማግስቱ ተመልሼ ኤ2 እንደሚበቃኝ ስነግራቸው ምንም አላሉም። ካርቶኑን ተቀብለው በመቀስ መሐል ለመሐል ለሁለት ከፈሉትና ግማሹን ሰጡኝ። ኤ1 የሚባለው ወረቀት 594 በ841 ሚሊ ሜትር ሆኖ ለሁለት ሲታጠፍ 420 በ594 ሚሊ ሜትር የሆነውን ኤ2 ይሰጣልና፣ በእጄ የቀረው ግማሽ ካርቶን ለአዲሱ መያዣ ልክ ሆኖ ተገኘ። ክብደቱም ቢሆን ቀላል ነገር አይደለም፤ በካሬ ሜትር 300 ግራም የሚመዝን የውኃ ቀለም ወረቀት በኤ1 መጠን 20 ቅጠል ብንይዝ ወረቀቱ ብቻ 3 ኪሎ ግራም ይሆናል፣ በኤ2 ግን ግማሹ ነው።

ባለሙያው በወጣትነታቸው ለብራና መጻሕፍት ማኅደር ይሰፉ እንደነበር የሰማሁት ሥራው ከተጀመረ በኋላ ነው። ማኅደር ለአንድ መጽሐፍ በልኩ እንደሚሰፋና መጽሐፉ ውስጡ መንቀሳቀስ እንደሌለበት፣ የሚንቀሳቀስ ነገር እርስ በርሱ እንደሚፋቅ አስረዱኝ። በዚህም ምክንያት በአራቱም ማዕዘን ወረቀቱን የሚይዙ ትንንሽ የጨርቅ ኪሶች ሠሩልኝ። ክሩን ሰም ቀብተው ስለሰፉት የመርፌው ቀዳዳ ተደፍኗል፤ ዚፑንም ከውጭ በሸራ ክዳን ሸፍነውታል። ከውስጥ በኩል ደግሞ የዚፑ ጥርስ የወረቀቱን ጠርዝ እንዳይበላው ለስላሳ የጨርቅ ጥብጣብ አደረጉለት፤ ይህን እኔ አላዘዝኩም ነበር።

የላስቲክ ኪስ ይግባ አይግባ በሚለው ላይ ትንሽ ተከራክረናል። እርሳቸው አንዲት ቁራጭ ላስቲክ በኮታቸው እጅጌ ፈትገው ጠረጴዛው ላይ ወደ ነበረው የክር ብናኝ ሲያስጠጓት ብናኙ ተነሥቶ ተለጠፈባት። የእናቴን ፊት የወሰደው ይኸው ስበት መሆኑን ያን ጊዜ ገባኝ። ከሰልና ፓስቴል የምትሠሩ ሰዎች በሥዕሎቹ መካከል ግላሲን የሚባለውን ልሙጥ ስስ ወረቀት ብታስገቡ ይሻላችኋል። ለኅትመትና ለፎቶግራፍ ኪስ የግድ ከሆነባችሁ ደግሞ ፖሊስተር ወይም ፖሊፕሮፒሊን ከሚባል ላስቲክ የተሠራውን ምረጡ፤ ፒ.ቪ.ሲ. የሚባለው ለስላሳ ላስቲክ ማለስለሻው ከጊዜ ጋር እየወጣ ከቀለሙ ጋር ይጣበቃል።

ለማሳየት ሲሆን ዚፑ ሦስቱን ጎን ዞሮ ስለሚከፈት መያዣው ጠረጴዛ ላይ እንደ መጽሐፍ ተዘርግቶ ይተኛል፤ ተመልካቹም ወረቀቱን ሳይነካ አንድ በአንድ ማየት ይችላል። ቀለበት ያለውን ዓይነት የሚመርጡ አሉ። እኔ ግን ወረቀቴን መብሳት ስለማልወድ አልፈለግሁትም።

ጉድለቱንም ልናገር። ከቀጠሮው አንድ ሳምንት አዘገዩብኝ፤ ማንገቻውም መጀመሪያ ረዝሞብኝ ነበር፣ እርሱን ግን ቆሜ እየጠበቅሁ ያለ ተጨማሪ ክፍያ አሳጠሩልኝ። ዋጋቸው ከዝግጁው ቦርሳ ይበልጣል፤ ግማሹን ቀብድ ይቀበላሉ፣ ቀሪውን ሥራው ሲያልቅ። ከዚያ ወዲህ አንድ ሙሉ ክረምት ተሸክሜው አንድም ቅጠል አልረጠበብኝም።

ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ፤ እጅዎ ይባረክ። ወደ እርሳቸው የምትሄዱ ደግሞ የወረቀቱን ቁጥር ብቻ ይዛችሁ አትሂዱ፤ ትልቁን ሥዕላችሁን ራሱን ውሰዱላቸው። ካርቶን ቆርጠው ከሰጧችሁም ሳትስቁ ተቀበሉና ይዛችሁት ዋሉ።