ኢ85 የሚባለውን ነዳጅ ርካሽ ነው ብላችሁ እንዳትቀዱ

ታክሲም ዴሊቨሪም የምትሠሩ ወገኖቼ፣ በተለይ እዚህ ቨርጂኒያና ሜሪላንድ ያላችሁ፣ እኔ የተሸወድኩትን እናንተ እንዳትሸወዱ።

ባለፈው ሰሞን ሌሊት ከኤርፖርት ስመለስ አንድ ማደያ ገባሁ። መደበኛው ቤንዚን ጋሎኑ 3.20 ነው። ከጎኑ ኢ85 የሚል አለ፣ 2.50። ፕሪሚየሙ 93፣ መደበኛው 87፣ እንግዲህ ይሄ 85 ትንሽ ዝቅ ያለ ቤንዚን ነው ብዬ በራሴ ሒሳብ ተረጎምኩና የ2010 ኮሮላዬን ጢም አድርጌ ሞላኋት።

ጠዋት አልነሳ አለች። በስንት ልምምጥ ተነሳች፣ ግን ትንተፋተፋለች፣ ዳገት ላይ ጉልበት የላትም፣ ቼክ ኢንጂኑም በራ።

ለካ 85ቱ እንደ 87 እና 93 የኦክቴን (የቤንዚን ደረጃ) ቁጥር አይደለም፣ የኤታኖል ነገር ነው። እንደ ወቅቱ ከ51 እስከ 83 በመቶው ኤታኖል ነው፣ እዚህ አገር በብዛት ከበቆሎ የሚወጣ አልኮል። በቃ መኪናዬን አረቄ አጠጣኋት! ኤታኖል ሲሆን ኢንጀክተሩ ለዚያው አየር በጣም ብዙ ነዳጅ መርጨት አለበት፤ ለዚህ ያልተሠራ መኪና አይችለውም። ብርድ ላይ ደግሞ ቶሎ አይተንም። አንዴ ስለተሞላ ብዙውን ጊዜ የከፋ ጉዳት አይደርስም፣ ደጋግማችሁ ከቀዳችሁ ግን የጎማ ማሸጊያዎቹንና ፓምፑን ይበላል፣ ውሃም ስለሚስብ ብረቱን ያዝጋል።

ሁልጊዜ የምንቀዳው ቤንዚን ውስጥም እስከ 10 በመቶ ኤታኖል አለ፣ እሱን መኪኖቻችን ለምደውታል። አዲስ አበባም የፊንጫ ስኳር ፋብሪካ ኤታኖል 5፣ በኋላም 10 በመቶ ይቀላቀል ነበር። ኢ85 ግን ለፍሌክስ ፊውል፣ ማለትም ቤንዚንም ኢ85ም እንዲችል ተደርጎ ለተሠራ መኪና ብቻ ነው። የነዳጅ ክዳኑ ቢጫ ነው ወይም ኋላው ላይ ተጽፎበታል።

ፍሌክስ ያላችሁም ብትሆኑ አስሉት። በኢ85 አንድ ጋሎን የሚያስኬዳችሁ መንገድ ከ15 እስከ 27 በመቶ ይቀንሳል። 25 ከቀነሰባችሁ ያ 2.50 የተባለው 3.33 ገባ ማለት ነው። ታዲያ ምኑ ነው ርካሹ?

ሁለተኛው ሽወዳ ጋራዥ ነው። የመጀመሪያው መካኒክ የቀዳሁትን ነግሬው እንኳን ነዳጁን ሳያይ ፓምፑና አራቱም ኢንጀክተሮች ይቀየሩ፣ 1,380 ዶላር አለኝ። እምቢ ብዬ ሌላ ጋ ሄድኩ። እሱ ነዳጁን አውጥቶ መደበኛ ሞላበት፣ 120 ዶላር፣ ከሁለት ቀን በኋላ መብራቱም ጠፋ። እንዲህ ከገጠማችሁ መጀመሪያ ነዳጁ ይውጣ በሉ።

ማደያው ገንዘቤን አልመልስም አለ። "መቅጃው ላይ ተጽፏል" አሉኝ። ሄጄ አየሁት። እውነትም ለፍሌክስ ፊውል መኪና ብቻ ይላል፣ በቀን ብርሃን ጎንበስ ብላችሁ ካነበባችሁት።